የሰባች ዶሮ ለምን በድንገት ትሞታለች? ስለ ጉበት ስብና ስለ ዕፀዋት መድኃኒት

ዶሮ ያላረባ ወይም ጎረቤቱ ሲያረባ ያላየ ሰው በአገራችን ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህም ስለ ዶሮ በሽታ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። ዶሮ ሞተች በተባለ ጊዜ ሁሉም የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ ይኸውም ፈንግል ነው። ፈንግል በእርግጥ የዶሮ ጠላት መሆኑን አንክድም፤ ከአንድ መንደር ገብቶ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳያስቀር የሚወጣበት ጊዜ አለ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ግን ከፈንግል ጋር ከቶ ዝምድና የሌለው፣ ከዶሮ ወደ ዶሮ የማይተላለፍ፣ ክትባትም የማይሠራለት ሌላ ነገር ነው። የሚገድለውም የከሳችውን ሳይሆን የሰባችውን፣ የቦዘነችውን ሳይሆን ተግታ እንቁላል የምትጥለውን ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ባለፈው ግንቦት በቢሾፍቱ ያየነው ነው። የአንድ ወዳጃችን እናት፣ እኛም እንደ ልጃቸው እማማ እያልን የምንጠራቸው ሴት፣ በዕቁብ ብር 180 ቄብ ዶሮዎች ገዝተው በግቢያቸው ባሠሩት ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ ሳጥን ያረቡ ነበር። ዶሮዎቹ ቡናማ የፈረንጅ ዝርያ ናቸው። በወቅታቸው መጣል ጀምረው ስለ ነበር የቤቱ ወጪ በእንቁላሉ ገንዘብ ይሸፈናል፤ የዕቁቡም መዋጮ የሚከፈለው ከዚያው ነበር። በግንቦት መባቻ ግን ሞት ገባ። በ11 ቀን ውስጥ 7 ዶሮዎች ሞቱ።

አሟሟታቸው እንግዳ ነበር። እማማ ጠዋት መኖ ሊሰጡ ሲገቡ አንዲቱ ዶሮ በሳጥኗ ውስጥ ተዘርራ ያገኟታል። በዋዜማው እንቁላሏን ጥላለች፤ መኖዋንም በልታለች። ሳል አልነበራትም፣ ተቅማጥ አልያዛትም፣ አንገቷም አልተጣመመም። ብቻ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ እንደ ሰም ነጥቷል። ጎረቤት ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አንዷ ጤና አዳም በውኃ ዘፍዝፈው ያጠጧቸው አለች፤ ሁለተኛዋ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛዋ ፌጦ። እማማም ሦስቱንም አደረጉ። ስምንተኛይቱ ዶሮ በማግሥቱ ሞተች። እንዲህ ያለችው ዶሮ ሳትታረድ የሞተች በክት ስለ ሆነች ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አትሆንም። የሚጠፋው እንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ሥጋውም ጭምር ነውና ለውሻ ከመጣል በቀር ጥቅም የላትም።

በመጨረሻ አንድ የእንስሳት ሐኪም ተጠርተው መጡ። ስምንተኛይቱን ዶሮ በሰሌዳ ላይ አጋድመው ሆዷን ሲከፍቱ እኛም ከጎናቸው ቆመን እናይ ነበር። መጀመሪያ የታየው ሆድ ዕቃዋን የሸፈነው ወፍራም ቢጫ ጮማ ነው። ከሥሩም የረጋ ደም፣ እንደ ተከተፈ ጉበት ያለ፣ እፍኝ ሙሉ ወጣ። እውነተኛው ጉበቷ ግን ጉበት አይመስልም ነበር። ቀይ ቡናማ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ሐኪሙ በጣታቸው ጫን ሲሉት እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። በአንድ ወገንም ተሰንጥቋል።

«እማማ፣ ይህ ፈንግል አይደለም» አሉ ሐኪሙ። «ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ፈነዳ፤ ደሟ ወደ ሆዷ ፈሶ ነው የሞተችው።»

«ጠግባ ሞተች ነው የሚሉኝ ዶክተር?»

«ጠግባም ተርባም ነው እንጂ» አሉ ሐኪሙ እጃቸውን እየታጠቡ።

ይህ አነጋገር በዚያች ሰዓት ለእማማም ለእኛም እንቆቅልሽ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን መጻሕፍትና የምርምር ጽሑፎች ስናገላብጥ ግን ሐኪሙ በሁለት ቃል ብዙ ነገር እንደ ነገሩን ተረዳን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ይህን ሕመም በመጀመሪያ በጽሑፍ ያሳወቀው በ1956 በአሜሪካ አገር ካውች የተባለ ሊቅ ነው። ያ ዘመን በአሜሪካ ዶሮ ከግቢ ተነሥታ ወደ ሽቦ ሳጥን የገባችበት፣ መኖዋም በፋብሪካ እየተመጠነ መቅረብ የጀመረበት ወቅት ነበርና ሕመሙ በዚያን ጊዜ መታወቁ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለንም። በ1972 ደግሞ ዎልፎርድና ፖሊን የተባሉ ሁለት የሚሺጋን ሊቃውንት ጉበቱ መስባቱ ብቻ ሳይሆን ደም ማፍሰሱም የሕመሙ መታወቂያ መሆኑን አይተው፣ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አወጡለት። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ደም የሚያፈስ የጉበት ስብ ሕመም» እንደ ማለት ነው። በጤናማ ጉበት ውስጥ ጥቂት ስብ መኖሩ የታወቀ ነው። በዚህ ሕመም የሞተች ዶሮ ጉበት ውኃው ተወግዶ ሲመዘን ግን ከመቶ ከ40 እጅ በላይ ስብ ሆኖ ይገኛል፤ 70 የሚደርስበትም ጊዜ አለ።

ለመሆኑ ስቡ ለምን ከጉበት ላይ ይከማቻል? ነገሩ ከወፍ ዘር አፈጣጠር የመጣ ነው። በላምና በአሳማ አካል ስብ በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው በሚቀመጥበት በጮማው ውስጥ ነው። በወፍ ዘር ግን የስብ ፋብሪካው ጉበት ነው። ረጅም መንገድ ተጉዘው አገር የሚለውጡ አዕዋፍ ከጉዞአቸው በፊት ስንቃቸውን የሚሰንቁት በዚሁ ነው። ፈረንሳዮችም ይህን የተፈጥሮ ጠባይ ዐውቀው ዳክዬንና ዝይን በቆሎ በግድ እየጋቱ ጉበታቸውን ብዙ እጥፍ ያሳብጡና እንደ ትልቅ ምግብ በውድ ዋጋ ይበሉታል። እማማ ይህን በነገርናቸው ጊዜ «የእኔንስ ለምን አይገዙኝም?» አሉን። እኛም መልስ አልነበረንም።

ወደ ዶሮዋ እንመለስ። በአንድ እንቁላል አስኳል ውስጥ ከ5 እስከ 6 ግራም ስብ አለ። አንዲት የዘመኑ ዝርያ ዶሮ በዓመት 300 እንቁላል ትጥላለች ብንል፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስብ በዓመት ውስጥ በጉበቷ በኩል አልፎ ወደ እንቁላል ይገባል ማለት ነው። ዶሮይቱ ራሷ የምትመዝነው ሁለት ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ከሰውነቷ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ስብ በያመቱ ታስተናግዳለች። ይህን ሥራ የሚያዘው ኤስትሮጅን የተባለው የእንስት ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ምን ያህል ኃይለኛ እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ፤ አውራ ዶሮ እንኳ ኤስትሮጅን ቢወጉት እንቁላል በማያውቀው ጉበቱ የአስኳል ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል።

ስቡ ከጉበት ወጥቶ በደም መንገድ ወደ እንቁላሉ ሲሄድ ግን ብቻውን አይሄድም። ስብና ውኃ አይዋደዱም፤ ደምም አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ስቡ በፕሮቲንና ኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር እየተጠቀለለ፣ እንደ ዕቃ ተጭኖ መላክ አለበት። ጭነቱ ሞልቶ መጫኛው ካነሰ ዕቃው ከመጋዘኑ ይቀራል። መጋዘኑ ጉበት ነው። «ጠግባም ተርባም» ያሉት ሐኪም ይህን ማለታቸው ኖሯል፤ ስብ የሚሠራበት እህል ተትረፍርፎላታል፣ ስቡን የምታጓጉዝበት ፕሮቲን ግን ጎድሎባታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሕመም ሊያጠኑ ሲፈልጉ ጤናማ ዶሮዎችን ሆን ብለው ያሳምማሉ። የሚያሳምሙበትም ነገር መርዝ ሳይሆን መኖ ነው፤ ይኸውም ኃይል ሰጪው የበዛ፣ ፕሮቲኑ ወይም ኮሊኑ ያነሰ መኖ። እማማን ከመጋቢት ወዲህ ምን ይመግቡ እንደ ነበር ስንጠይቃቸው፣ የኑግ ፋጉሎና የአኩሪ አተር ዋጋ ስለ ተወደደባቸው ሁለቱንም ቀንሰው በምትኩ በቆሎ እንደ ጨመሩ ነገሩን። እንቁላሉ ወዲያው ስላልቀነሰ ትርፍ ያገኙ መስሏቸው ነበር። ሊቃውንቱ ሕመም ለመፍጠር በቤተ ሙከራ የሚያዘጋጁትን መኖ፣ እርሳቸው ለቁጠባ ብለው በገዛ እጃቸው አዘጋጁት። ይህ በእርሳቸው ብቻ የደረሰ አይመስለንም። የመኖ ዋጋ በናረ ቁጥር በየግቢው የሚደረግ ነው፤ ማንም ሰው እንደ ጥፋት አይቆጥረውም።

በዚህ ላይ ሳጥኑና ሙቀቱ ይጨመራል። በሳጥን ውስጥ ያለች ዶሮ አትጭር፣ አትሮጥ፣ አትበር፤ የበላችው ሁሉ ወደ ስብ ይዞራል። በሙቀት ወራት ደግሞ ሰውነቷን ለማሞቅ የምታወጣው ኃይል ስለሚቀንስ ትርፉ ያው ወደ ጉበት ነው። በአውስትራሊያ ተጠንቶ በ2019 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በሳጥን ከሚኖሩት መካከል ሞተው ከተመረመሩት ዶሮዎች ከመቶ 40 ያህሉን የገደለው ይህ ሕመም ነው፤ በመሬት ላይ ከሚኖሩትና ወደ ሜዳ ከሚወጡት ግን ከመቶ 5 አልበለጡም። ሳጥኑን ለመኮነን አይደለም ይህን የምንጽፈው። ሳጥን ቦታ ይቆጥባል፣ እንቁላልን ንጹሕ ያደርጋል፣ ዶሮን ከኩሷ ይለያል። ዋጋው ግን ይህ ነው።

የመጨረሻው ፍንዳታ እንዴት ይመጣል ቢሉ፣ ስቡ የበዛበት ጉበት ከመለስለሱም በላይ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ዝገት ማለታችን ለምሳሌ ነው። ብረት አየር ሲያገኘው እንደሚዝግ፣ ቅቤም ሲቆይ እንደሚሻግት፣ በጉበት ውስጥ የተከማቸ ስብ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል፤ የጉበቱን ሕዋሶችና ደግፎ የያዘውንም መረብ ያበላሻል። በዚያ ላይ ዶሮይቱ ለመጣል ስታምጥ ወይም ስትደነግጥ ጉበቱ ይሰነጠቃል። ቫይታሚን ኢ ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ይህንን ዝገት ስለሚከላከል ነው።

እዚህ ላይ ነው ዕፀዋት የሚገቡት። ዕፀዋት ከፀሐይ ቃጠሎና ከተባይ ራሳቸውን ለመጠበቅ ብዙ ዐይነት ቅመም በቅጠላቸውና በሥራቸው ይሠራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዝገትን የሚከላከሉ ናቸው። የዶሮ ሊቃውንት ወደ እነርሱ በብርቱ የዞሩት በተለይ የአውሮፓ ኅብረት እንስሳት ቶሎ እንዲያድጉ ብቻ ተብሎ በመኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመርን ከ2006 መባቻ ጀምሮ ከከለከለ ወዲህ ነው። ያም ክልከላ መልካም ነበር፤ ከርሱ የተነሣም በየገበያው «የተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዱቄት በዛ። ዱቄቱ ሁሉ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ለጉበት የታወቀው ሲሊቡም ማሪያኑም የተባለ እሾኻም ተክል ነው። በመልኩ ከእኛ ኮሸሽላ ጋር የሚመሳሰል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ነው። ቅጠሉ ነጭ ሥር ሥር ስላለበት የአውሮፓ ገበሬዎች የእመቤታችን ወተት ጠብ ብሎበት ነው ይላሉ፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ፍሬው ከጥንት ጀምሮ ለጉበት ሲሰጥ ኖሮ፣ በ1968 በሙኒክ ዋግነር የተባለ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ለይቶ ሲሊማሪን አለው። በአውሮፓ ሐኪሞች ከዚሁ የወጣውን መድኃኒት መርዘኛ እንጉዳይ በልቶ ጉበቱ ለሚሞትበት ሰው በደም ሥር ይሰጣሉ። በዶሮም ላይ ተሞክሯል፤ በ2004 የጣልያን ተመራማሪዎች አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ለሥጋ ዶሮ ጫጩቶች መግበው ሲሊማሪን ሲጨምሩላቸው፣ የመርዙ ጉዳት እንደ ቀለለላቸው ጽፈዋል።

ቀጥሎ ጀኒስቲን አለ፤ የሚገኘው ከአኩሪ አተር ነው። በ2018 የቻይና ተመራማሪዎች ሆን ብለው ያሳመሟቸውን እንቁላል ጣዮች ጀኒስቲን ቢመግቧቸው የጉበታቸው ስብ ቀነሰ። መንገዱም በሕዋስ ውስጥ እንደ ነዳጅ መለኪያ የሚሠራውን ኤ.ኤም.ፒ.ኬ. የተባለ ፕሮቲን ማንቃት ነው፤ ይህ ፕሮቲን ሲነቃ ሕዋሱ ስብ መሥራቱን ትቶ ያለውን ማንደድ ይጀምራል። ነገር ግን ጀኒስቲን የኤስትሮጅን አምሳያ ነው። ኤስትሮጅን ደግሞ ዋናው የጉበት ስብ አዛዥ መሆኑን ከላይ ብለናል። እንግዲህ መጠኑ ካልተለካ አንዱ ነገር መድኃኒትም አባባሽም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ2020 ደግሞ ከወይን ልጣጭ የሚገኘው ሬስቬራትሮል፣ በዚሁ ሕመም የተያዙ ዶሮዎችን የእንቁላል ዕጢ ከመቆጣትና ከዝገት ሲጠብቅ ታይቷል። ከነዚህ ሁሉ የቆየና የረከሰው ግን ቤታይን ነው። እርሱ በአውሮፓ ስኳር ከሚወጣበት የቀይ ሥር ዘመድ የተገኘ ሲሆን፣ የኮሊንን ሥራ በከፊል ስለሚተካ መጫኛ ላነሰው ጉበት ይረዳል። እኛ ብንጠየቅ ከስመ ጥሩዎቹ ይልቅ ይህን ስመ ቢሱን እንመርጣለን።

አንባቢ ግን «እርድስ?» ሳይለን አይቀርም። የእማማም ጥያቄ ይኸው ነበር። ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱ እርድ ጉበት ያጥባል የሚል በስልኩ አንብቦ ነግሯቸው ኖሮ፣ ሐኪሙ ገና ከመውጣታቸው ከሚጥሚጣው አጠገብ የእርዱን ጠርሙስ አውርደው ነበር። ወጣቱ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለው ቢጫ ቅመም ዝገት ተከላካይ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ በሙቀት በተጨነቁ እንቁላል ጣዮች ላይም ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። እርዱም በቴፒና በአካባቢው ይበቅላል እንጂ ከሩቅ አገር አይመጣም። ስለዚህ ከእማማ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራነው።

በሙከራዎቹ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ኩርኩሚን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ነው፤ 150 እንበል። በተፈጨ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ያህል ስለ ሆነ፣ ለአንድ ኪሎ መኖ 5 ግራም እርድ ያስፈልጋል። አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ የእማማ ዶሮዎች ሁሉ በቀን 20 ኪሎ ይበላሉ። ይህም በቀን 100 ግራም፣ በወር 3 ኪሎ እርድ ይሆናል።

«ለሴት ልጄ ሠርግ እንኳ ይህን ያህል እርድ አላወጣሁም!» አሉ እማማ፤ ጠርሙሱንም ወደ ቦታው መለሱ።

ዋጋው ብቻም አይደለም። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ከኩሱ ጋር ይወጣል። በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፔሪን ለሰው አብሮ ሲሰጥ የሚገባውን ብዙ እጥፍ እንደሚያሳድገው አሳይተዋል፤ ወጥ ሠሪዎቻችን ሁለቱን አብረው የሚጨምሩት ይህን ዐውቀው ባይሆንም ነገሩ ደስ ይላል። ሌላም ሥጋት አለ። በባንግላዴሽ እርዱ እንዲያምር ብለው እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች እንደ ነበሩ በ2019 የታተመ ጥናት አጋልጧል። ጉበት ለማዳን ብሎ እርሳስ መመገብ ምን ዐይነት ሕክምና ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ ስለ እነዚህ የዕፀዋት ቅመሞች የተጻፈውን ስናነብ ሁለት ነገር ቅር ብሎናል። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ሙከራዎች ለጥቂት ሳምንታት፣ በጥቂት ዶሮዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ዶሮ አርቢ ግን ዶሮዋን ከዓመት በላይ ይይዛታል። ሁለተኛውና ትልቁ ደግሞ፣ በአብዛኞቹ ሙከራዎች ዶሮዎቹ አሳማሚውን መኖ እየበሉ ሳለ ነው መድኃኒቱ የሚጨመርላቸው። መድኃኒቱን ለመለካት ሲባል እንዲህ መደረጉ ይገባናል። አንድ ሰው ግን ይህን አንብቦ በቆሎውን እንዳለ ትቶ ዱቄት ብቻ ቢገዛ፣ የሚፈስበትን ቤት ጣራ ሳይደፍን ከሥሩ ባልዲ እንደሚያስቀምጥ ይሆናል። የሰውም ነገር ያው ነው። ጉበቱ ለሰባ ሰው ሐኪሞች ዛሬም አስቀድመው የሚያዙት ክብደት መቀነስን ነው። ለከፋው ደረጃ ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት እንኳ የተገኘው በ2024 ነው፤ እርሱም ከምግብ ሥርዓትና ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲወሰድ ነው የታዘዘው።

ከዕፀዋት የመጣ ሁሉ ለጉበት ይበጃል ብሎ ማሰብም አደገኛ ነው። የጎመንዘር ዘመድ የሆነው የአውሮፓ የቅባት እህል ፋጉሎው በብዛት ሲሰጥ የእንቁላል ጣዮችን ጉበት እንደሚያደማ ከታወቀ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ግሉኮሲኖሌት የተባሉት ቅመሞች ናቸው። እነዚህ በእኛም ጎመንዘር ውስጥ አሉ። ፋጉሎው ሲረክስ ገዝቶ መኖውን በርሱ መሙላት የሚያምረው ሰው ይህን ያስብ። ስለ ሻጋታ ደግሞ በ1960 በእንግሊዝ አገር የሆነው አይረሳም፤ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ አንድ መቶ ሺህ ያህል የቱርክ ዶሮዎች ጉበታቸው ተበላሽቶ ሞቱ፤ አፍላቶክሲን የተገኘውም ያን ጊዜ ነው። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚሸጥ ወተት ውስጥ የዚህ መርዝ ተረፈ ነገር መገኘቱን፣ ምንጩም በተለይ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት በ2016 ታትሟል። ላሚቱን ያገኘ ፋጉሎ ዶሮይቱን አይስታትም። የእማማም ፋጉሎ በማድጋ ሥር በእርጥብ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙ አሽትተው ጣሉት።

ሐኪሙ ያዘዙት ሕክምና ለጋዜጣ ጽሑፍ የሚያምር አልነበረም። በቆሎው ቀስ በቀስ እንዲቀነስ፣ የአኩሪ አተሩ መጠን ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ኮሊንና ቫይታሚን ኢ ያለበት ለዶሮ የሚሸጥ ድብልቅ እንዲጨመር አዘዙ። መኖውን በአንድ ጊዜ መቁረጥ መጣሉን እንደሚያቆም አስጠነቀቁ። አንድ ነገራቸው ግን እማማን አስገርሟል፤ ከተቀነሰው በቆሎ ላይ በጥቂቱ ዘይት ይተካ አሉ። «ስብ ለገደላት ዶሮ ዘይት?» ብለው ተከራከሩ። ሐኪሙም የመኖው ጠቅላላ ኃይል ሳይጨምር ከእህሉ ፋንታ ጥቂት ዘይት ከገባ፣ ጉበቱ ከእህል ስብ ለመሥራት የሚደክመው ድካም እንደሚቀንስለት አስረዷቸው። ይህን እኛም በጽሑፍ ደጋግመን አግኝተነዋል።

በየቅዳሜውም አሥር ዶሮዎችን በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘኑ ክብደታቸውን በደብተር መጻፍ አለብዎ ተባሉ፤ የሰባችው ዶሮ ከመሞቷ በፊት በሚዛን ትታወቃለችና። ደብተሩ የትንሿ ልጃቸው የድሮ የሒሳብ ደብተር ነው፤ አይተነዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሥሩ ሰባቱ ከሁለት ኪሎ ከሩብ በላይ ነበሩ። ግቢው ጠባብ ስለ ሆነ ሁሉንም ማውጣት አልተቻለም፤ ሠላሳ ሠላሳውን በተራ ከሳጥን እያወጡ ከሰዓት በኋላ በአጥር ጥግ እንዲጭሩ ማድረግ ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት የረገጡት ዶሮዎች መራመድ እንኳ ጠፍቷቸው አንድ ላይ ተኮልኩለው ሲቆሙ ማየት ያሳዝናል።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሌሎች ሦስት ሞቱ። ጉበት አንዴ ከተበላሸ ቶሎ አይመለስም፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድመው ነግረዋቸው ስለ ነበር እማማ ተስፋ አልቆረጡም። እንቁላሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀንሶ ነበር፤ በዚያ ወር የዕቁቡን መዋጮ የከፈሉት ከልጃቸው ተበድረው ነው። ባለፈው ሳምንት ደውለን ስለ ዶሮዎቹ ስንጠይቃቸው፣ ከዚያ ወዲህ የጎደለችው አንዲት ብቻ መሆኗን ነገሩን። እርስዋንም ከአጥሩ ጥግ ስትጭር የወሰዳት ጭልፊት ነው።